ከአልጋው ላይ ያነሣሁት ሊሬ

ለምወድህና ለማከብርህ ለወንድምዓለም፣ ለዲያቆን ኃይለ ሚካኤል፤

ይህች ወረቀት እጅህ ስትገባ በደህና ታግኝህ። እንደምን ከረምህ? የጎንደር ብርድ እንደምን አደረገህ? ያ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚነሣብህ ሳል ለቀቀህ ወይስ አሁንም ለማኅሌት ስትቆም ያስቸግርሃል? ምግብስ ታገኛለህ? የኔታስ ደህና ናቸው? አቋቋሙን ከምን አደረስኸው? መልሱን ዛሬ እንደማልሰማው እያወቅሁ ይህን ሁሉ እጠይቅሃለሁ፤ ስጽፈው ግን ከአጠገቤ የተቀመጥህ ይመስለኛል። ከሰው ሁሉ ካንተ ጋር ስሆን ብቻ አፌ እንደሚፈታ ታውቃለህ።

እኛ ሁላችን አለን። አባባ ደህና ናቸው፤ የዘንድሮው ጤፍ መልካም ነበር፤ አንደኛው በሬ ስለ ሞተባቸው ግን ከጎረቤት ጋር በመቀናጆ ነው ያረሱት። እማዬ ጉልበቷን ያማታል፤ ጠበል ገብታ ትንሽ ቀልሎላታል። እኔ ከሚያዝያ ወዲህ እዚህ ደብረ ማርቆስ፣ አክስታችን ወለተ ሐዋርያት ቤት ነኝ። የጣልያን ወታደሮች በእኛ በኩል ያለፉ ጊዜ ጎተራው ስለ ተቃጠለ፣ አባባ ሂጂ ሳይሉኝ እኔው ገብቶኝ መጣሁ። አክስቴም ሥራ አገኘችልኝ። ሥራው ጣልያኖች ባቆሙት አልቤርጎ ነው፤ መንገደኛ ከፍሎ የሚያድርበት ቤት ማለት ነው። ይህን ስታነብ ፊትህ እንዳይጠቁርብኝ እለምንሃለሁ። ሰዎች ከኋላዬ ለጣልያን አልጋ ታነጥፋለች ሲሉ እሰማለሁ፤ እውነትም አነጥፋለሁ። ሌላ የሚያስገባኝ ቤት ቢገኝ አልገባበትም ነበር።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለዚህ አይደለም። አንድ የምለምንህ ነገር አለኝ፤ ልመናዬን ከመንገሬ በፊት እንዴት እንደ መጣ ማወቅ አለብህ። ለአክስቴ ግማሹን ነግሬአታለሁ። ሙሉውን የምነግረው ላንተ ነው።

ቤቱ የድንጋይ ነው፤ ጣራው ቆርቆሮ፣ አልጋዎቹ የብረት ናቸው። ከአዲስ አበባ ተነሥተው ዓባይን ተሻግረው በደጀን በኩል በካሚዮን የሚመጡ ሹፌሮች፣ መኮንኖችና መንገድ ሠሪዎች ያድሩበታል። ባለቤቷ ሲኞራ የምንላት ጣልያናዊት ናት። ቋንቋችንን ስለማትሰማ አወቀ የሚባል የሉማሜ ሰው ያስተረጉምላታል፤ እሱ ቋንቋቸውን የተማረው ከመንገድ ሠሪዎቹ ጋር ድንጋይ ሲፈልጥ ነው። ክፍሎቹን የምታሰናዳው እትዬ አመተ ሥላሴ ነበረች። እኔ ስገባ ለአንሶላ አጣቢነት ነበር፤ አንሶላ ደግሞ ብቻውን የሚጨምቀው ሰው የለም፤ አንዱ ጫፉን እሷ፣ ሌላውን እኔ ይዘን እንጠመዝዛለን። በውርጩ እጄ ሲሰነጠቅ ከራሷ ጸጉር ቅቤ እያነሣች ትቀባኝ ነበር። ሌሎቹ ምላስሽን ድመት በላው ወይ እያሉ ሲስቁብኝ እሷ፣ "ተዉአት፤ ከእናንተ ጋር ስውል የደከመ ጆሮዬ ከሷ ጋር ሲሆን ያርፋል" ትላቸዋለች።

ባሏ አበረ ይባል ነበር፤ አህያ እየጫነ የሚነግድ ሰው ነው። አምና በጥር፣ በሉማሜ መንገድ ሲመለስ ተኩስ መካከል ገብቶ ሞተ። ያገኙት ሰዎች ቸኩለው እዚያው መንገድ ዳር ቀበሩት፤ ቄስ አልነበረም፣ ፍትሐት አልተደረገለትም። እትዬ አመተ ሥላሴ ሬሳውን አላየችም። አንሶላ ስንጨምቅ ሳለን አንድ ቀን፣ "እኔስ ተኝቼ አድራለሁ፤ እሱ ግን እስካሁን መንገድ ላይ ያለ ይመስለኛል" አለችኝ። ሙት ዓመቱ ሲደርስ አንድ በግ አርዳ፣ ካህናቱን ጠርታ፣ ተዝካሩን አውጥታ ከመንገድ ላይ ልታነሣው አስባለች። የምትሠራው ለዚህ ነበር። ከዚህ በቀር ለራሷ አንድ ነገር ስትመኝ አልሰማሁም።

የኅዳር ጽዮን ዕለት ቤተ ክርስቲያን ለመሳም አስፈቅዳ ሄደች፤ ሲኞራም ክፍሎቹን እንዳሰናዳ እኔን አዘዘችኝ። ብቻዬን ስገባ የመጀመሪያዬ ነበር። ከሹፌሮቹ አንዱ ዘወትር እያንጎራጎረ የሚሄድ ወፍራም ሰውዬ አለ፤ እሱ ያደረበት ክፍል ስገባ የአልጋው ልብስ ተስተካክሎ፣ ትራሱ ላይ አንድ ሊሬ ተቀምጧል። ወድቆ የተረሳ አይመስልም፤ ልክ ትራሱ መካከል ላይ ነው።

ወንድምዓለም፣ አንተ ብትሆን ምን ታስብ ነበር? እኔ ያሰብሁት በአገራችን የማውቀውን ነው። አንተ ዲቁና ሳትቀበል በፊት ከምንጩ መንገድ የብር ቀለበት አግኝተህ፣ አባባ እጅህን ይዘው ቤተ ክርስቲያን ወስደውህ፣ ከቅዳሴ በኋላ ቄሰ ገበዙ "የጠፋችሁ" ብለው ሲያስነግሩ እኔም ነበርሁ። የሰው ዕቃ አግኝቶ ዝም ያለ የተገዘተ ነው ሲሉ ሰምቼ ነው ያደግሁት። ስጦታ ከሆነ ደግሞ ሰጪው በእጁ ይሰጥሃል፣ አንተም ጎንበስ ብለህ በሁለት እጅህ ትቀበላለህ፣ ትመርቀዋለህ። ሰጪው በሌለበት፣ ተቀባዩን ሳያይ፣ አልጋ ላይ ተጥሎ የሚሰጥ ነገር አላውቅም። አክስቴም ስገባ፣ "ገንዘብ አስቀምጠው ይፈትኑሻል፤ እንዳትነኪ" ብላኛለች። ስለዚህ ፈተና ነው አልሁ። እትዬ አመተ ሥላሴ እስክትመለስ ጠብቄ ልጠይቃት አላሰብሁም። መጠየቅ ለኔ ከባድ እንደሆነ ታውቃለህ፤ ሰው የሚጠይቀውን ሁሉ እኔ በሆዴ ጠይቄ በሆዴ መልሼ እጨርሰዋለሁ።

ሊሬውን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ሲኞራ ሄድሁ። አወቀ አጠገቧ ቆሟል። ሰውየው ረስቶት ሄዷል በልልኝ አልሁት። አወቀ ሊሬውን አየ፣ እኔን አየ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አንቺ ልጅ፣ ይህን ልንገራት ወይስ እንዳልሰማሁ ልሁን?" አለኝ። ያን ጊዜ ሊያስቀርብኝ የፈለገ መሰለኝ። በዚያ ቤት ውስጥ ድምፄን ከፍ አድርጌ የተናገርሁት ያኔ ብቻ ነው፤ "ንገራት" አልሁት። ነገራት። ሲኞራ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ ስኳር ሰጠችኝ። ቀጥላም እንዲህ ያለ ገንዘብ ሌላ ጊዜ አይቼ እንደሆነ አስጠየቀችኝ። እኔም ክፍል የገባሁት ዛሬ ነው፣ ሁልጊዜ የምትገባው እትዬ አመተ ሥላሴ ናት አልሁ። ሌላ ምንም አልጨመርሁም። ስኳሩን እየመጠጥሁ ቤቴ ገባሁ፤ ለአክስቴ ስነግራት ግንባሬን ሳመችኝ። ያን ሌሊት ደስ ብሎኝ ተኛሁ። አሁን ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ያ እንቅልፍ ነው።

በማግስቱ ሲኞራ ወደ ልብስ ማጠቢያው መጥታ የእትዬ አመተ ሥላሴን ዕቃ አስፈተሸች። ከእንዶዱ ከረጢት ሥር በሻሽ የተቋጠረ ገንዘብ ወጣ። ሲኞራ ቋጠሮውን ፈትታ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። እትዬ አመተ ሥላሴ አልደነገጠችም። "ትተውልኝ ነው። አልጋቸውን ስላነጠፍሁ፣ ጫማቸውን ከጭቃ ስላወጣሁ ትተውልኝ ነው። አንዱ ሰዓቱን ረስቶ ሲሄድ እስከ ካሚዮኑ ሮጬ የሰጠሁት እኔ አይደለሁም? ሌባ ብሆን ሰዓቱን ትቼ ለሊሬው እጎመጃለሁ?" አለች። አወቀ አንድም ሳያስቀር አስተረጎመላት። ሲኞራ ግን ራሷን ነቀነቀች። አወቀም ከመሬት ዓይኑን ሳያነሣ፣ "ከዛሬ ጀምሮ አትምጪ ትላለች፤ ገንዘቡም የቤቱ ነው ትላለች" አላት።

እትዬ አመተ ሥላሴ ነጠላዋን አንሥታ ስትወጣ በእኔ በኩል አለፈች። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ። "ልጄ፣ እንዲያው ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?" ብቻ አለችኝ።

ነገሩን በኋላ አወቀ ነው ያስረዳኝ። በእነሱ አገር እንግዳ ሲሄድ ክፍሉን ላሰናዳችው ሴት ጉርሻ ትቶ መሄድ የታወቀ ደንብ ነው፤ በእጁ መስጠት የለበትም፣ አልጋ ላይ ካስቀመጠው ለሷ ነው። "ታዲያ ሲኞራ ይህን አታውቅም?" አልሁት። "እንዴት አታውቅም፤ የሷው አገር ደንብ አይደል። የእኛ አገር ሴት አልጋ ስታነጥፍላቸው ጉርሻ የሚተዉ አልመሰላትም እንጂ። አንቺ ነገርሻት" አለኝ። ለምን አልከለከልኸኝም ልለው ነበር። ግን ጠይቆኛል። ንገራት ያልሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲያ ክፍሎቹን የማሰናዳው እኔ ሆንሁ። ሲኞራ ክዳኑ የተበሳ ቆርቆሮ ከመግቢያው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ፣ እንግዳ የተወውን ሁሉ ከዚያ እንድከት አዘዘችኝ። ጠዋት ስገባ በር ጠባቂው ባዘዘው ኮፍያውን አንሥቶ፣ "ጻድቋ መጣች፤ ገለል በሉላት" ይላል። አንድ ቀን ደግሞ፣ "ዛሬስ ማንን ልታጸድቂልን ነው? እኔም አንድ ቁራሽ ዳቦ ኪሴ ውስጥ አለችኝ፤ ሳትደርሽብኝ ልብላት መሰለኝ" አለኝ። ሴቶቹ ሳቁ። ሳቃቸው አላስቀየመኝም፤ የሚገባኝ መስሎኛል። እኔ ስገባ ወሬያቸውን መቁረጣቸው ግን ይከብደኛል። ዝምታ የኔ ነበር፤ አሁን የሁላችን ሆነ።

እትዬ አመተ ሥላሴ ያጣችው ሥራውን ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ሌባ ተብላ ወጣች የሚለው ከሷ ቀድሞ ከተማውን ዞረ። የጠየቀችው ቤት ሁሉ ሰው አለን አላት። አሁን ከጫካ እንጨት እየተሸከመች ትሸጣለች፤ ከዚያ የሚገኘው ለዕለት ጉርሷም አይበቃም፤ በጉ ቀርቶ ለተዝካሩ የጠላ እህልም የለም። ጥር ደግሞ እየመጣ ነው።

እኔም ዝም ብዬ አልተቀመጥሁም፤ ብዙ ግን አልሠራሁም። አወቀን ሲኞራን አማልድላት ብዬ ብለምነው፣ "ሞክሬ ነበር፤ በሰው ቤት አትግባ አለችኝ። ሹፌሩ ራሱ ለሷ ነው የተውሁት ብሎ ቢናገር ግን ምናልባት" አለኝ። በቋንቋቸው የምለውን አስጠናኝ፤ አጭር ነገር ነው፤ ገንዘቡን ለሴትየዋ ሰጥቻታለሁ ብለህ ንገርልኝ ማለት ነው። ውኃ ስቀዳ፣ ስጠርግ፣ ስተኛ እሱኑ ስል ሰነበትሁ። ሹፌሩም መጣ። ጠዋት ሲወጣ በመተላለፊያው መጥረጊያዬን ይዤ ጠበቅሁት። የሚያንጎራጉራት ዜማ እየቀረበች ስትመጣ መጥረጊያውን ከግድግዳው አስደገፍሁት። ፊት ለፊቴ ሲደርስ ቆመ፤ እጄን ዘርግቼ ልለምነው አፌን ከፈትሁ፤ ቃሉ ግን ጠፋኝ። እንዲያ ያጠናሁት አንዱም አልመጣልኝ። እሱ የዘረጋሁትን እጅ አይቶ የሚለምን እጅ መሰለው። ሳቅ ብሎ ከኪሱ አንድ ሊሬ አውጥቶ መዳፌ ላይ አኖረልኝና ሄደ። ካሚዮኑ ሲነሣ እንደ ቆምሁ ነበር። ሲኞራ ከጠረጴዛዋ ሆና አይታኝ ኖሮ በጣቷ ወደ ቆርቆሮው አመለከተችኝ። ሄጄ ከተትሁት።

እንደ ሰማሁት ያ ሹፌር ወደ ሌላ መንገድ ተዛውሯል፤ ከእንግዲህ በዚህ አያልፍም።

ከዚያ በኋላ ደመወዜን ይዤ እትዬ አመተ ሥላሴ ቤት ሄድሁ። ከደጃፏ ተቀምጣ ገመድ ትፈትል ነበር። ለተዝካሩ ይሁንሽ ብዬ ከፊቷ አኖርሁት። በገመዱ ጫፍ ወደ እኔ ገፋችው። "እሱን ከመንገድ የማነሣው በራሴ ላብ ነው። የኔ ላብ ከሲኞራ ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው" አለች። ያን ጊዜ ያለኝ አንተ ብቻ እንደሆንህ አሰብሁ። ወንድሜ ዲያቆን ነው፣ ጎንደር ነው፣ የክርስትና ስሙን ንገሪኝና በዚያ በቅዳሴ ያስጠሩለት፣ ጸሎተ ፍትሐትም ያድርሱለት አልኋት። ቀና ብላ አየችኝ። "ስሙን ምን ታደርጊዋለሽ? እሱንም ለሲኞራ ልትወስጂላት ነው?" አለችኝ። ደመወዜን አንሥቼ ተመለስሁ።

ንስሐ አባታችን ዘንድ ሄጄ ነገርኋቸው። "ሐሰት አልተናገርሽም፣ የሰው ገንዘብም አልወሰድሽም፤ ኃጢአቱ ያንቺ አይደለም" አሉኝ። መስቀላቸውን ሳምሁ፤ ልቤ ግን አላረፈም። አንተ ከሳቸው በላይ እንዳልሆንህ አውቃለሁ፤ ግን ታውቀኛለህና ጻፍልኝ። እውነት ተናግሮ ሰው የጎዳ ምን ብሎ ነው ንስሐ የሚገባው?

ከዚያ ወዲህ ሥራ ስፈታ በጫካው መንገድ እጠብቃታለሁ። እንጨቱን ስትመልስ ከሸክሟ ግማሹን ወስጄ እስከ ደጃፏ አደርስላታለሁ። አትናገረኝም፤ ተዪ ብላም አትከለክለኝም። ሁለታችን እንዲያ ስንሄድ ድሮ አንሶላ ስንጨምቅ የነበረውን ዝምታ እፈልገዋለሁ፤ አይገኝም። ትናንት ሸክሙን አውርጄ ልመለስ ስል፣ "ያ ወንድምሽ እውነት ከካህናቱ ይደርሳል?" አለችኝ። ይደርሳል አልሁ። ነጋዴው እንዳላማው ነገ ወደ ጎንደር ይነሣል፣ በእጁ እልክለታለሁ አልሁ። እንጨቱን ከግድግዳው አስጠግታ ስትጨርስ የክርስትና ስሙን ነገረችኝ፤ እንዳልስተውም አስደገመችኝ። ቀጥላ፣ "የሰጠሁሽ ለሱ ብዬ ነው፤ ላንቺ አይደለም። ያንቺ ገና ነው" አለችኝና በሯን ዘጋች።

ወንድምዓለም፣ ልመናዬ ይህ ነው። ሙት ዓመቱ ጥር ፳፩ ቀን፣ በአስተርዮ ማርያም ይውላል። በዚያ ዕለት እናንተ ዘንድ ስሙን በቅዳሴ አስጠራለት፤ የኔታንም ለምነህ ፍትሐቱን አስደርስለት። እሷ ያልተቀበለችኝን ደመወዜን ለእንዳላማው ሰጥቼዋለሁ፤ ለጧፍና ለመገበሪያ አድርገው። ባይበቃ የጎደለውን በጉልበትህ ሙላልኝ፤ ውኃ ቅዳላቸው፣ እንጨት ፍለጥላቸው። አድርገነዋል የሚል አንድ መስመር ላክልኝ፤ ወስጄ እንዳነብላት። ምን እንደምትለኝ አላውቅም። ቢሆንም እሷ ሳትጠይቀኝ ሄጄ አነብላታለሁ፤ ይህን ያህል መናገር አያቅተኝም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

እማዬ ጉንጭህን ትስማለች፤ ሳሉ እንዳይጸናብህ ጤና አዳም አፍልተህ ጠጣ ብላሃለች። አባባ፣ "ትምህርቱን ሳይጨርስ እንዳይመጣ፤ ጨርሶ ግን እንዳይቀር" ብለው መርቀውሃል። አክስታችን ወለተ ሐዋርያት በየሰንበቱ ስምህን እያነሣች ታለቅሳለች፤ እጅ ነሥታለች። ትንሹ አንሙት አድጓል፤ ፊደሉን እስከ ግማሽ ለይቷል፣ ሲመጣ ይጠይቀኝ ብሏል። ለየኔታ ጉልበታቸውን ስሜአለሁ በልልኝ። አብረውህ ለሚማሩት ወንድሞች፣ ቁራሽ ለምትሰጥህ ለዚያች ደግ ሴትዮም፣ ስሟን ባላውቀውም፣ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

የሟቹን ስም ከሌላው ጽሕፈት መካከል እንዳይጠፋብህ ለብቻው በትልቁ ጻፍሁት። ከሌላው ሁሉ ይህን አንብብ።

ወልደ ሚካኤል

እኅትህ ሽታዬ
ደብረ ማርቆስ፣ ታኅሣሥ ፰ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓመተ ምሕረት